ለማትሰማ ልጅ የፈረምኩት ምስክር ወረቀት

በማስተማር ዘመኔ ብዙ ልጆች መትቻለሁ። ይህን ከመነሻው የምናገረው ንስሐ ለመግባት ሳይሆን ኋላ ላይ ስደርስበት አለሳልሼ እንዳላልፈው ነው። የአብዛኞቹን ጥፋት ረስቼዋለሁ፤ እነሱም ዱላውን ረስተውት ይሆናል። አንዷ ግን ከዓይኔ አትጠፋም። «ስጠራሽ ለምን አትመልሺም?» እያልኩ ከሦስት ወር በላይ መዳፏን በማስመሪያ ስመታት የከረምኩት ያቺ ልጅ ለካ አትሰማም ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። ትምህርት ቤታችን አዋሳ፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነበር፤ ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘጠና ሁለት ተማሪ ነበረኝ፤ ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የምናስቀምጣቸው በቁመት ነበር፤ አጭሩ ፊት፣ ረጅሙ ኋላ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆንም ዘለግ ያለች ስለነበረች የመጨረሻው ዴስክ፣ የግድግዳው ጥግ ደረሳት። እዚያ ሆና ከንፈሬን ቀርቶ ፊቴንም በቅጡ የምታይ አይመስለኝም።

ስለ እሷ መዝገቡ የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስትመዘገብ ከስሟ ጎን «አማርኛ አትችልም» ተብሎ ተጽፏል። ይህ እኛ ዘንድ ብርቅ አልነበረም። ቤቱ ሲዳምኛ ሲናገር ያደገ ልጅ ክፍል ሲገባ በአማርኛ እንጮህበታለን። ልጁ አንድ ስድስት ወር ዝም ይላል፤ ከዚያ አንድ ቀን አፉን ይፈታና ዝም ማሰኘቱ ይቸግረናል። ስለዚህ ዝም ያለ ልጅ ስናይ «ቋንቋው እስኪገባው ነው» ብሎ ማለፍ የሁላችንም ልማድ ነበር። በዚህ ልማድ እሷ አንደኛ ክፍል ላይ ሁለት ዓመት ቆይታ ወደ እኔ መጣች። እኔም እስከ ገና ታገሥኩ። ከገና በኋላ ማስመሪያዬን አነሳሁ።

ነገሩ የታወቀው በበልግ ዝናብ፣ አንድ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ነው። መዝሙሩ ከተጀመረ ማንም ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። በአጥሩ አጠገብ የሚያልፍ ባለጋሪ ሳይቀር ልጓም ይዞ ይቆማል። ልጅቷ ይህን ሥርዓት በዓይኗ ታውቀው ነበር፤ ሰው ሲቆም ትቆማለች፣ ሰው ሲሮጥ ትሮጣለች። ደወል አድርገን የሰቀልነው የመኪና ቸርኬ ሲመታም ልጆቹ ሲነሱ አይታ ነበር የምትነሳው። ያን ቀን ግን እናቷ ዝናቡን ብላ የማዳበሪያ ላስቲክ ከራሷ ላይ አድርጋላት ነበርና ላስቲኩ ግራ ቀኟን ጋርዶባት ከእግሯ ሌላ የምታየው የለም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቀጥ ብሎ እየዘመረ እሷ ጭቃውን እየመረጠች በመሐላችን ሰንጥቃ አለፈች።

ዳይሬክተሩ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቀና ከባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ አንበረከካት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ጓድ፣ ያንቺ ተማሪ ናት?» አለኝ።

«ነች።»

«ሰንደቅ ዓላማ ማክበር አላስተማርሻትም?»

በዚያን ዘመን ይህ ጥያቄ እንደ ዛሬው ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ደሜ ፈላ፤ በእሱ ላይ መቆጣት ስለማልችል በእሷ ላይ ተቆጣሁ። ከኋላዋ ሄጄ ስሟን ከጆሮዋ ሥር ጮኼ ጠራሁ። ግቢው ማዶ ያሉ ልጆች ዞረው ሲያዩኝ እሷ ጉልበቷ ላይ የተሰካ ጠጠር ትለቅማለች። ደግሜ ጠራኋት። እጆቼን ከጆሮዋ አጠገብ ባለ በሌለ ኃይሌ አጨበጨብኩ፤ በእጄ ነፋስ ላስቲኩ ሲወዛወዝ ያኔ ገና ዞር አለች። አየችኝ። አይታኝም መዳፏን ዘረጋችልኝ።

እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። ወደ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ዘጠና አንዱም ልጆች በመስኮት ያዩኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት እናቷን ፍለጋ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ጀልባዎቹ ከሚጠጉበት ዳርቻ ቁጭ ብላ ዓሣ የምታጸዳ ሴት ነበረች። ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ቅርፊቱን ፍቃ፣ ሆዱን ከፍታ፣ ሐሞቱን ሳትነካ ፊሌቶውን ከአጥንቱ ለይታ ስታወጣ እጇን ዓይን አይከተለውም። እኔ እርስዎ እላታለሁ፤ እሷ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመደች በመሆኗ፣ አንቺ ትለኛለች። ልጅቷ እንደማትሰማ ማወቄን ነገርኳት። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ያውቃሉ? ታዲያ ሲያስመዘግቧት ለምን አልተናገሩም?»

«ዱዳ አይመዘገብም አሉኝ፣ ጎረቤት። እኔ ጸሐፊዋን አማርኛ አያውቅም አልኳት። አማርኛ የማያውቅ ይመዘገባል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ስትመቺው እቤት መጥቶ እጁን ያሳየኛል። እኔ ምን ልበል? ብናገር ታባርሪዋለሽ።»

ሴት ልጇን በአማርኛ እንደ ወንድ ነበር የምትጠራት፤ አላረምኳትም። ምን አፍ ኖሮኝ?

በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ እኛ አማኞች በየሰዉ ቤት በድብቅ ነበር የምንሰበሰበው። ጴንጤ መባል በራሱ ከሥራ ሊያስወጣ፣ ሊያሳስርም ይችል ነበር። ከምንሰበሰብባቸው ቤቶች በአንዱ ያገኘኋት ሴት፣ በሌላ ከተማ ለማይሰሙ ልጆች የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። በእጅ ምልክት ያስተምራሉ፣ ልብስ ስፌትና እንጨት ሥራም ያሳያሉ። የሚቀበሉት ግን በመስከረም፣ ዕድሜው ከአሥር ያልበለጠውን ልጅ ብቻ ነው። ልጅቷ ለመጪው መስከረም አሥር ይሞላታል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው አሥርን ታልፋለች። መጪው መስከረም ካመለጣት አለቀ ማለት ነው።

እዚያ ለመግባት ከትምህርት ቤት የመምህር ሪፖርትና የዳይሬክተር መሸኛ፣ ከጤና ጣቢያ የምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል። ሁሉም ተያይዞ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይላካል። ጤና ጣቢያ እኔው ወሰድኳት። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰር የምንለው፣ ከጀርባዋ ቁልፍ አንኳኳ፣ ሰሐን ጣለ፣ ስሟን ጠራ። ከዚያ በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሁለቱም ጆሮዋ አይሰማም» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ማህተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ሄዶ ስለነበር ወረቀቱ ያለ ማህተም ቀረ። ስለዚህች ልጅ ከተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ሪፖርቴን ሁለቴ አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት አልወድም፣ ግን እውነት ነው። የራሱን ኮት ለዘበኛው የሰጠ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከበላዩ ቀበሌ፣ ከቀበሌው በላይ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ አለ።

«ዱዳ መሆኗ ይቅርና መጀመሪያ በቋንቋዋ ትሞከር» አለ። «ዝም ላለ ልጅ ሁሉ ደብዳቤ ብንጽፍ ግማሹን ትምህርት ቤት ጭነን ልንልክ ነው። የሲዳምኛው መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሰው ጎድሎበታል። እዚያ አስገቢያት። ዙሩን ጨርሳ ምስክር ወረቀት ስትይዝ መሸኛሽን እፈርማለሁ።»

«ጓድ ዳይሬክተር፣ በሲዳምኛም እኮ አትሰማም።»

«ስትጨርስ እፈርማለሁ ብያለሁ።»

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ኮታ ነበረው። ቀበሌያችን በዚያ ዙር አንድም መሃይም እንዳይቀረው ታቅዷል፤ ስሙ የተመዘገበ ሁሉ ማለፍ አለበት። የወደቀ ለሚቀጥለው ዙር ይደግማል። ልጅቷ ወድቃ ከደገመች ደግሞ መስከረም ያልፋል። እኔ ያኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፤ እንደምንም ትለፍና ፊርማውን ላግኝ።

ጣቢያው እዚያው ክፍላችን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ይከፈት ነበር፤ አስተማሪዋም እኔው ነኝ። ሲዳምኛዬ የገበያ ሲዳምኛ ቢሆንም መጽሐፉ በኛው ፊደል ስለተጻፈ ማንበቡ አያቅተኝም። ልጅቷን ይሄኔ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። እናቷም ተመዝግባ ነበርና የዓሣ ሽታዋን ይዛ ከጎኗ ትቀመጣለች። ልጅቷ እጇ ለጉድ ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንድ ጊዜ አይታ የፊደሉን ጭራ እንኳ ሳትስት ትገለብጠዋለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም፤ ለእሷ ሥዕል ነው። ድምፅ ለማያውቅ ሰው ፊደል በምን እንደሚጀመር እኔም አላውቅም ነበር፤ ያንን የሚያውቁት እኮ ልንልካት የፈለግነው ቦታ ያሉት ናቸው።

ስለዚህ አንዲት መስመር መርጬ በቃሏ አስያዝኳት። ውሃ አፍልተን እንጠጣለን የምትል፣ በሲዳምኛ፣ ከጎኗ እሳት ላይ የተጣደ ድስት የተሣለባት መስመር ነች። እኔ የሸሚዜን ኮሌታ ስነካ እሷ ወጥታ ትጽፋለች። ይህን ለሦስት ሳምንት ስንለማመድ ሰነበትን።

ለምን እንደምትጽፍ ግን ልትረዳ ይገባ ነበር። የምናስረዳበትን መንገድ ያገኘችው እናቷ ናት። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ልጇን ትከሻዋን ይዛ አቆመቻትና በጣቷ አየር ላይ ጻፈች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን አንስታ መሪ እንደያዘ ሾፌር ግራና ቀኝ አዞረች፤ ከዚያ ሩቅ፣ ወደ ተራራው ማዶ አመለከተች፤ ከጻፍሽ በመኪና ወደዚያ ትሄጃለሽ ማለቷ ነው። ልጅቷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። እኔም ቾኬን ኪሴ ከትቼ መሪውን አዞርኩ። ፊቷ በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየችኝ ቁጥር ሁለት እጇን አንስታ መሪ ታዞራለች፤ መቼ ነው ማለቷ ነው። እኔም አዞርላታለሁ፤ ደርሷል ማለቴ ነው።

የፈተናው ቀን ከቀበሌና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሦስት ፈታኞች መጡ። ተፈታኙ ሰባ ሰው ይሆናል፤ ክፍሉ በሙቀት ታፍኗል። አንዳንዱ አንድ መስመር ያነባል፣ አንዳንዱ ይጽፋል፤ ፈታኞቹ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነው። ተራዋ ሲደርስ «ይህቺ ትጻፍ» አልኩና ኮሌታዬን ነካሁ። ወጥታ መስመሯን ጻፈቻት። አንድ ነጥብ አልሳተችም። ከአዋቂዎቹ አንዳቸውም እንደሷ አልጻፉም። ከፈታኞቹ አንዱ «የአብዮቱ ፍሬ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሁሉም አጨበጨበ። እናቷ እልል አለች። ልጅቷ የሰዉን እጅ ስታይ መሪ ማዞር ጀመረች፤ እኔም በጭብጨባው መሐል መለስኩላት። ሊደበቅ የማይገባው ነገር፣ ኮራሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ አላውቅም።

ምስክር ወረቀቱ ሦስት ማህተምና ከታች የአስተማሪዋ ፊርማ ያለበት ትልቅ ወረቀት ነበር። ዳይሬክተሩ ቃሉን ጠበቀ፤ መሸኛውን በዚያው ሳምንት ፈረመ። ማመልከቻውን ስናያይዝ የድሬሰሩን ቁራጭ ወረቀት ከሥር አደረግሁና ምስክር ወረቀቱን ከላይ ሰፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። ልጅቷ ብሩህ እንደሆነች ይዩልኝ ብዬ ነው።

መልሱ በሐምሌ መጣ። ማመልከቻው ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወዲያ አላለፈም። ተማሪዋ ማንበብና መጻፍ መቻሏ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ያለውም ቦታ የመማር ዕድል ላላገኙ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። በመደበኛው ትምህርቷ እንድትቀጥልም ያሳስባል። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። በመስኮት በኩል ያለው ሰውዬ ፋይሉን ገልጦ ምስክር ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ፊርማው ያንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«ትችላለች ብለሽ ፈርመሽ አትችልም ትያለሽ? ከሁለት አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ አምጪ።»

ልክ ነበር። በትክክል ልክ ነበር። ብትወድቅ ኖሮ በሲዳምኛም አልሆነላትም ተብሎ ነገሩ በራሱ ይመሰክር ነበር። ዳይሬክተሩ ጨርሳ ወረቀት ትያዝ አለ እንጂ አስኮርጂያት አላለም፤ ፈተናውን ያስኮረጅኳት እኔ ነኝ። ምናልባት በሰዓቱ ሐቁን ብንይዝ፣ ብትወድቅና ብንለምነው፣ ኮቱን እንደሰጠው ፊርማውንም ይሰጠን ነበር። አላውቅም። አልሞከርኩትማ።

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀበሌው ከመሃይምነት ነፃ ወጥቷል ተብሎ ሽልማት ተቀብሏል። አንዷ ውሸት ናት ስትዪ ሌሎቹስ ይሉሻል። ያን ጊዜ የዘመቻ አሻጥር ነው፤ አንቺ ደግሞ...» አለና ተወው። ጴንጤ መሆኔን ያውቃል ማለት ነው። ሲያውቅ ኖሮ አላጋለጠኝም ማለትም ነው። በዚያው ዓመት ከጎኔ ክፍል የሚያስተምር ሰው ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት ወር ታስሮ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ ሻይ ስጡኝ ከማለት በቀር ሲናገር አልሰማነውም።

ደብዳቤውን ግን ጻፍኩ። ከቤቴ ቁጭ ብዬ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩት፤ ልጅቷ ማንበብ አትችልም፣ አትሰማም፣ ፈተናውን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። ፈረምኩበት። አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት። ነሐሴ አለፈ። መስከረም ገባ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ እከተውና ማታ መልሼ አወጣዋለሁ። ጥቅምት ላይ ከሰል ማንደጃ ውስጥ ጨመርኩት። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ሰዎች ዘመኑ ነው ይሉኛል፣ እኔም ለሌላው ሰው እንዲሁ እላለሁ፤ ለራሴ ግን አልልም።

ለእናቷ ቦታ የለም ተባለ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል አልገባችም፤ ከእናቷ ጋር ዓሣ ማጽዳት ጀመረች። እኔ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ተውኩ። ዓሣ ሲያምረኝ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በኩል ከሱቅ ደጃፍ እገዛለሁ።

አራት ዓመት ያህል እንዲህ ሸሽቼ ኖርኩ። አንድ እሑድ እንግዳ መጥቶብኝ፣ ትኩስ ዓሣ ካላየሁ ብሎ አስቸግሮኝ ወረድን። ገና ከሩቅ ለየችኝ። ረዝማለች፣ ክንዷ ጠንክሯል፤ እንደ እናቷ እጇን ዓይን አይከተለውም። እናቷ ከጎኗ ነበረች፤ ከኋላዋ ባለችው ጎጆ ግድግዳ ላይ፣ ጢስ እንዳይነካው በላስቲክ የተሸፈነ የልጇ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ቅጂ ሰጥተዋት ኖሯል። ፊርማዬ ከቆምኩበት ይታያል።

ልጅቷ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በውሃ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች። ቀና ብላ ኮሌታዬን አየች፤ አልነካሁትም። ግን አልጠበቀችኝም። ተንበርክካ እርጥቡ አሸዋ ላይ በጣቷ ጻፈች፤ ያቺኑ መስመር፣ ውሃ አፍልተን እንጠጣለን። አንድ ነጥብ አልሳተችም። እንግዳዬ የሚያውቀው ነገር የለም፤ «ጎበዝ!» ብሎ አጨበጨበ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ አጨበጨብኩ።

ራሷን ነቀነቀች። ጭብጨባ አልነበረም የፈለገችው። ሁለት እጇን አንስታ መሪውን ግራና ቀኝ አዞረች፣ ወደ ተራራው ማዶ አመለከተች፣ ፊቴን እያየች ጠበቀች።